ሽምግልና መስሎኝ

ልጄ ሥራውን ልቀበለው ወይስ ልተወው ብላ ስትጠይቀኝ ተቀበይው ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ በፊት የምጽፈው በኋላ ለመጣው ነገር እሷን የሚወቅስ ሰው እንዳይኖር ነው። አባት ለልጁ ሲመክር የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ አድርጎ መናገር የለበትም። እኔ ግን ተናገርኩ፤ ያውም ደረቴን ነፍቼ።

ሱቄ መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ነው። ጓጉንቸር፣ ማጠፊያ፣ ሰንሰለትና የአጥር ሽቦ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ማንበብና መጻፍ እስክችል ድረስ ብቻ ነው። የቀረውን ዕቃ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣና ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ለቀምኩት። የሕግ መጻሕፍት ሳይቀሩ ገዝቼ አንብቤአለሁ። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ አንዱን አንቀጽ እስኪገባኝ እመላለስበት ነበር። ልጄን ሕግ እንድትማር የገፋፋኋት በዚህ ምክንያት ነው። እሷ ሥዕል ነበር የምትወደው። ሥዕል አያኖርም አልኳት። አሁንም አያኖርም ባይ ነኝ፤ አንዳንዴ ግን እጠራጠራለሁ።

ከንግዱ ሌላ ያለኝ ሥራ ሽምግልና ነው። በእኛ መደዳ ሁለት ነጋዴዎች ሲጣሉ ፍርድ ቤት ከመሮጣቸው በፊት ወደ እኔና ወደ ጎረቤቴ ወደ ሀጂ ይመጣሉ። ሀጂ ጄሪካንና የውሃ ታንከር የሚሸጡ፣ ሱቃቸው ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሰው ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አንቱ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው አንተ ይሉኛል። አሠራራችን የታወቀ ነው። ከሳሽ አንድ ሽማግሌ ይመርጣል፤ ተከሳሽም አንድ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሦስተኛ ሰው ይጨምራሉ። ባለጉዳዮቹ ፍርዱን እንቀበላለን ብለው ዋስ ይጠራሉ። መጀመሪያ የሚናገረው ተበደልኩ ባዩ ነው፤ እሱ እስኪጨርስ ማንም አፉን አይከፍትም። ከዚያ ሁለቱንም ዘወር በሉ ብለን እናስወጣቸዋለን፤ ተመካክረን እንጠራቸዋለን። ሲያበቃ ተነሥተው ይሳሳማሉ። ለዚህ ሁሉ ከሁለቱም ወገን አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ አንቀበልም። በዚህ እኮራለሁ። ያሳሳተኝም ይኸው ኩራቴ ነው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ላይ ተቀምጠን ልጄ እንጀራውን እየቆረሰች ሳትጎርስ ቆየች። የምትሠራው በአንዲት ጠባብ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ ነው፤ አንድ አንጋፋ ጠበቃ፣ እሷና አንዲት ጸሐፊ ብቻ ናቸው ያሉት።

«አባዬ፣ ቢሮ አንድ ሥራ መጥቶልናል። ልያዘው ወይ የሚለው ጨንቆኛል።»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

«የውጭ አገር የወርቅ ኩባንያ ነው። መንግሥት ፈቃዱን ስለሰረዘበት ከሷል።»

«ማንን ነው የከሰሰው?»

«መንግሥትን። አገሪቱን በለው።»

«የት ፍርድ ቤት?»

«ፍርድ ቤት አይደለም፤ የግልግል ዳኝነት ነው፣ ውጭ አገር። ሦስት ዳኞች ይሰየማሉ። አንዱን ኩባንያው ይመርጣል፣ አንዱን መንግሥት። ሦስተኛውን በስምምነት ይጨምራሉ።»

ጉርሻዬን ትቼ ሳቅሁ። «ታዲያ ሽምግልና ነዋ!»

«ይመስላል እንጂ አባዬ፣ እዚያ እኮ…»

አላስጨረስኳትም። ሽምግልና የተከበረ ነገር እንደሆነ፣ ዓለም ዞሮ ዞሮ ወደ እኛ ደንብ እንደመጣ፣ ለከሳሽ መቆም ነውር እንዳልሆነና ከሳሽ ውሸታም ቢሆን እንኳ የሚናገርለት ሰው ማግኘት እንዳለበት አስረዳኋት። የእሷ ድርሻ ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ወርቁ ወዳለበት ቆላ ወረዳ ወርዳ የአገር ሰዎችን ቃል መቀበል ነው አለችኝ። ኩባንያው ሲገባ ሕዝቡ ተሰብስቦ እንደተቀበለው፣ ሽማግሌ ተነሥቶ እንደመረቀው ማስረዳት አለባት። በተለይ የመረቁትን አዛውንት ማነጋገር ይፈለጋል።

«መርቀው ከሆነ መርቀዋል ነው። እውነት ከሆነ ምን ያስፈራሻል?» አልኳት።

በማግስቱ ሥራውን ተቀበለች።

ያን ወረዳ በስም አውቀዋለሁ። ከዚያ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። ኩባንያው የገባ ጊዜ የአጥር ሽቦውና ጓጉንቸሩ ከእኛ መደዳ ነው ተጭኖ የሄደው፤ ከእኔም ሱቅ ሄዷል። ጥሩ ዓመት ነበር። ሽቦው ምን እንደሚያጥር አልጠየቅሁም፤ ሽቦ ነጋዴም አይጠይቅም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሀጂ አንዲት ሴት ይዘው ወደ ሱቄ ገቡ። ቀጠን ያለች፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች፣ በአርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። ከሀጂ ዘንድ የታንከር ቧንቧ ገዝታለች።

«ይኸው ቁልፍ ሻጩ» አሏት ሀጂ። «ከሱ ካልጠፋ ከመርካቶ ጠፍቷል ማለት ነው። ዋጋ ላይ ግን ከበድ ይላል፤ ቀለል አድርግላት አንተ።»

«ለምን ዓይነት በር ነው እህቴ?» አልኳት።

«ለበር አይደለም ጋሼ። ለውሃ ነው።»

አልገባኝም። ነገረችኝ። አገሯ ያ ወረዳ ነው። ወንዛቸው ከተበላሸች ወዲህ በመኪና ውሃ ይመጣላቸዋል፤ ሲመጣ ነው። ከታንከሩ እንደፈለገው የሚቀዳ ስለበዛ የመንደሩ ሴቶች ኮሚቴ አቋቁመው ቧንቧው ላይ የብረት ሣጥን አሠርተውበታል። ሰብሳቢዋ እሷ ናት። አሁን የምትፈልገው ዝናብና ፀሐይ የማያዝገው ጓጉንቸር ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ቁልፍ ሸጫለሁ። ለሱቅ፣ ለግቢ፣ ለመጋዘን፣ ለሣጥን ሸጫለሁ። ለሰው የመጠጥ ውሃ የሚሆን ቁልፍ ሸጬ አላውቅም ነበር። ከመደርደሪያው ጥሩውን አወረድኩላት። ቁልፎቹን ቆጥራ አንዱን መልሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ከሩቅ የሚመጡ ደንበኞቼ እንዲህ ያደርጋሉ፤ አንዱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ይቀመጥና የእነሱ ሲጠፋ በአውቶቡስ ረዳት እጅ እልክላቸዋለሁ። ከባንኮኒው በስተኋላ ምስማር ላይ ሰቀልኩት።

«ለመሆኑ ክሱ የት ደረሰ?» አልኳት፤ ማወቄን ላሳያት ፈልጌ።

ቀና አለች። «ሰምተዋል እንዴ ጋሼ? እኛ መጀመሪያ የከሰስነው እኛ መስሎን ነበር። ኋላ ነው ኩባንያው ነው የከሰሰው ያሉን። ሽማግሌ ተቀምጧል ይባላል፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሦስት ናቸው።»

«እኛን መቼ ነው የሚጠሩን?»

ሀጂ ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔም ሳላመነታ፣ «ይጠሯችኋል። የተበደለው ሳይሰማ ምን ሽምግልና አለ?» አልኳት።

«አንድዬ ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ዕቃዋ የሚጫንበት መኪና እስኪሞላ እዚሁ አንድ ዘመዷ ቤት እንደምትቆይም ነገረችን።

እሷ ከወጣች በኋላ ልጄ «ይመስላል እንጂ» ብላ ጀምራ ያቋረጥኳት ነገር ትዝ አለኝ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ደንበኛ ማጠፊያ ሲጠይቀኝ ሰንሰለት መዘንኩለት። «ጋሼ፣ ምነው ዛሬ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ማታ ልጄ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ጠየቅኋት።

«እነዚያ ሦስቱ ዳኞች የወረዳውን ሕዝብ የሚጠሩት መቼ ነው?»

ቦርሳዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። «አይጠሩም አባዬ።»

«እንዴት አይጠሩም?»

«በዚያ ጉባኤ መክሰስ የሚችለው ባለሀብቱ ብቻ ነው። መንግሥት ይከላከላል። ሕዝቡ ባለጉዳይ አይደለም። ቢበዛ ጽሑፍ እናስገባ ብለው ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ዳኞቹ ከፈለጉ ይፈቅዳሉ፣ ካልፈለጉ ይከለክላሉ።»

«ውሃው የእነሱ ነው እኮ!»

«ክሱ ስለ ውሃው አይደለም። ስለ ፈቃዱ ነው። አገራችን ከኩባንያው አገር ጋር የኢንቨስትመንት ስምምነት ተፈራርማለች። ስምምነቱ ተጥሷል ነው የሚሉት። ያወጡትን ብቻ አይደለም የሚጠይቁት፤ ፈቃዱ ባይሰረዝ ኖሮ እናተርፍ የነበረውንም ክፈሉን ይላሉ።»

«ገና ከመሬት ያልወጣውን ወርቅ?»

«አዎ።»

«ዳኞቹስ? የሚዳኙት ለምን ብለው ነው?»

«ይከፈላቸዋል። በደንብ ይከፈላቸዋል። አንዳንዱ እዚህ ዳኛ ሆኖ በሌላ ጉዳይ ደግሞ የኩባንያ ጠበቃ ሆኖ ይቆማል። ይህ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፤ የደንበኛ ምስጢር አላወጣሁም።» ጫማዋን እየፈታች፣ «ያን ቀን ልነግርህ ነበር፤ አላስጨረስከኝም» አለች።

ጉዞዋ በሚቀጥለው ሰኞ ነበር።

የዚያን ሳምንት ጭንቀቴን በቀላሉ መግለጽ አልችልም። ተይው ብዬ ማዘዝ ይቀናኝ ነበር፤ ማዘዝ ልማዴ ነው። ግን ባለፈው ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ተቃራኒውን ባዝዝ ልጄ የራሷ ሐሳብ ያላት ሰው መሆኗ ቀርቶ ነፋስ ወደነፈሰበት የሚያዘነብል መጋረጃ አደረግኋት ማለት ነው። ሥራውን ብትመልስ ደግሞ ለወራት የቢሮውን በር ከፍቶ የሚያቆየውን ገቢ ታሳጣዋለች። አንጋፋው ጠበቃ ይህን በዝምታ አያልፈውም። በሌላ በኩል አገሪቱ ቢፈረድባት የሚከፍለው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። መርካቶ ውስጥ ያለ ሰው የመንግሥት ዕዳ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ ያየዋል። መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ይጠፋል፤ ነዳጁ ይወደዳል፤ ተሸካሚው ሸክሙ ያው ሆኖ ሳለ የሚበላው ያንሰዋል። ያቺ ሴት በተቆለፈ ውሃ ላይ የመድኃኒት ወረፋ ይጨመርባታል። ለተበላሸባት ወንዝ ካሳ ትቀበላለች ስል ጭራሽ ከፋዩ እሷው ልትሆን ነው። ቁልፏ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀና ባልኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ለሀጂ ነገርኳቸው። ጄሪካን እየደረደሩ ሰሙኝ።

«እንዲህ ያለ ሽምግልና ካለ እኔንም አስመዝግበኝ» አሉ። «ላለፈው ረመዳን ሸጬ ባተርፍ ኖሮ ብዬ ያሰብኩት ብዙ ዕቃ አለ። ይክፈሉኝ።»

«ሀጂ፣ እኔ ተጨንቄ እርስዎ ይቀልዳሉ።»

«ካልቀለድኩማ አለቅሳለሁ። ስማኝ፤ እዚያ ካልጠሯት እዚህ እንጥራት። በደንባችን እንቀመጥ። ልጅህ ለኩባንያው ትናገር፤ ሴትየዋ ለራሷ ትናገር።»

«ልጄን በሰው ፊት ላዋርዳት ነው?»

«ማነው አዋርዳት ያለህ? ልትሰማ ነው። ሰምታ ብትሄድ ሄደች፤ ሳትሰማ ከምትሄድ ይሻላል።»

ለልጄ ሳላድበሰብስ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «እንደ ትልቅ ሰው አታየኝም ማለት ነው» አለች። ከዚያ ግን፣ «እመጣለሁ። የምናገረው ማንም ሊያነበው የሚችለውን ብቻ ነው፤ ከቢሮ ያወቅሁትን አላወራም» አለችኝ። በዚህ ኮራሁባት፤ አልነገርኳትም እንጂ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሀጂ መጋዘን ውስጥ በታንከሮቹ መሐል ተቀመጥን። እኔና ሀጂ በአንድ በኩል፣ ልጄና ሴትየዋ በሌላ በኩል፤ ወንበራችን የተገለበጠ ሣጥን ነው። ከበርበሬ በረንዳ በኩል ነፋስ መጥቶ ሁላችንንም አስነጠሰን። ውጭ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ይላሉ። ሀጂ ቢስሚላህ አሉ፤ እኔ አማተብኩ።

«ዋስ የለንም» አሉ ሀጂ። «ሦስተኛ ሽማግሌ የለንም። ኩባንያውም አልመጣም። ሻይም የለም፤ ስለዚህ ከደንቡ አንዱ እንኳ ተከብሯል። ተበደልኩ ያለ ይናገር።»

ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካከለች። ልጄ ለማን እንደምትናገር ነግረናታል፤ ወደ እሷ አላየችም።

«ወንዛችን ትንሽ ናት ሀጂ። ትንሽ ብትሆንም ለእኛ ትበቃን ነበር። ኩባንያው ትልቅ ኩሬ ቆፈረ። አፈሩ የሚታጠብበት መድኃኒት እዚያ ነው የሚጠራቀመው አሉን። አጠሩት፤ ቆለፉት። ክረምት ሲመጣ ኩሬው ሞልቶ ወደ ወንዟ ወረደ። መጀመሪያ ዓሣው ተገልብጦ ታየ። ከዚያ ፍየሎቹ ያስወርዳቸው ጀመር። ከዚያ…» እጇን ጉልበቷ ላይ አሸችው። «ከዚያ ሴቶቹ።»

ልጄ መሬት መሬት ታያለች። «አጠሩት» ካለች ጀምሮ እኔም የማየው ቦታ አጣሁ፤ ሽቦው የማን እንደነበር ለመናገር ግን ድፍረት አጣሁ።

«ጮኸን። ወረዳ ሄድን፤ ዞን ሄድን። መጨረሻ ላይ መንግሥት ፈቃዱን ሰረዘው። እልል አልን። ሰዎቹ ሄዱ፤ ኩሬው ግን አለ። አሁን ደግሞ ከሳሾቹ እነሱ ናቸው አሉን። እኔ የምለው ይኸው ነው።»

ሀጂ ወደ ልጄ አመለከቱ። ልጄ ሣጥኑ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ጀመረች።

«ኩባንያው የሚለው እንዲህ ነው። ሳይጠራ አልመጣም። ባለሥልጣናት ኑ ብለው ጋበዙት። ፈቃድ ጠይቆ ተሰጠው፤ በፈቃዱ ተማምኖ መንገድ ሠራ፣ ማሽን አስገባ። ጉድለት ካለ አርም ተብሎ በቂ ጊዜ ሊሰጠው ይገባ ነበር፤ ሳይሰጠው ተሰረዘበት ይላል። ቃል የገባ መንግሥት ቃሉን ማክበር አለበት ይላል። ሕዝቡም ተሰብስቦ ተቀብሎናል፤ ሽማግሌ መርቆናል ይላል።»

ጥሩ አድርጋ ተናገረች። ፈራሁ። ነገሩን የማያውቅ ማንም ሰው ቢሰማት ያምናታል። ያም ብቻ አይደለም፤ ከተናገረችው ውስጥ እውነት ነበረበት፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

«ፈቃዱን የሰጡትስ?» አልኩ። «እዚያ ውሃ የሚጠጣ ሰው መኖሩን አያውቁም ነበር? ሳይጠይቁ የፈረሙት እነሱ አይደሉም?»

«ይህንኑ ኩባንያውም ይለዋል አባዬ» አለች ልጄ። «የእነሱ ጥፋት ለእሱ ማስረጃ ነው።»

«ታዲያ የፈረመው አጥፍቶ፣ የቆፈረው አጥፍቶ፣ ቅጣቱን የምትከፍለው ይህች ሆነች» አሉ ሀጂ፤ ሴትየዋን በአገጫቸው እያሳዩ። አሁን አልቀለዱም።

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልጄ ዞረች። «መርቃችኋል ያልሽው እውነት ነው እህቴ። መርቀናል። በእኛ አገር እንግዳ መጥቶ ሳይመረቅ አይሄድም። መንገደኛም ይመረቃል፤ ቀረጥ ሰብሳቢም ይመረቃል። ኬላ ላይ ላለ ወታደር እንኳ ግባ በሰላም ይባላል። በሰላም ግቡ፣ በሰላም ኑሩ፣ ያሰባችሁት ይሙላ ተባለ። ውሃችንን ውሰዱ የተባለ ነገር የለም።»

«የመረቁት ማን ናቸው?» አለች ልጄ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«አባቴ ናቸው።»

ልጄ ቀና አለች።

«ከዚያ ወዲህ አይመርቁም» አለች ሴትየዋ። «ሰርግ ላይ አባታችን ይመርቁ ሲባሉ ዝም ይላሉ። ልጅ ተወልዶ ሲመጣላቸው ዝም ይላሉ። ባለፈው የእኔ ልጅ ለትምህርት ሲሄድ ጉልበታቸውን ስሞ ቆሞ ጠበቃቸው። እጃቸውን ራሱ ላይ አደረጉና ምንም ሳይሉ መልሰው አነሡት። አፌ ነው ያመጣባችሁ ይሉናል። እባክሽ እህቴ፣ ያን ነገር እንደገና እንዳትጠይቂያቸው።»

እኔ ሽምግልና ላይ ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ። እሷ አላለቀሰችም። ያላለቀሰች መሆኗ ነው የከበደኝ።

ሀጂ እንደ ደንቡ፣ «ዘወር በሉልን» አሏቸው። ሁለቱም ወጡ። እኔና ሀጂ ተያየን።

«እኔ መፍረድ አልችልም» አልኩ። «የአንዷ አባት ነኝ። ሴትየዋንም ይጠሯችኋል ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ።»

«አውቀህ አልዋሸህም።»

«ሳላውቅ መናገሬ አይብስም?»

ሀጂ ጢማቸውን ነካኩ። «ብንፈርድስ ማን ይቀበለናል? ከሳሹ ባሕር ማዶ ነው፤ ዳኛው ባሕር ማዶ ነው። እኔና አንተ ጄሪካን መሐል የተቀመጥን ሁለት ሽማግሌዎች ነን። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኛ ዛሬ ያየነውን እነዚያ ዳኞችም ሊያዩት ይችሉ ነበር። አንድ ተጨማሪ ሣጥን ገልብጠው ቁጭ በይ ቢሏት ምን ይጎድልባቸዋል?»

እሳቸው ይህን ሲሉ ተነሣሁ፤ ባለጉዳዮቹን ልጠራ። ውጭ የሉም። መደዳውን ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁ። ሰው፣ ሸክምና ጋሪ እንጂ እነሱ የሉም።

ሀጂ ከኋላዬ መጥተው፣ «ፍርዱን ሳይሰሙ ሄዱ?» አሉ። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ድፍረት አላየሁም።» ከዚያ ሳቁ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም።

ልጄ ወደ ቤት የገባችው ሊጨልም ሲል ነው። ሁለቱ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው ነበር። ሴትየዋ የወንዟን ፊልም በስልኳ አሳይታታለች፤ ከዚያ ስለ ሴትየዋ ልጅ ትምህርት፣ ስለ ነጠላ ጥለት፣ ስለ ብዙ ነገር አውርተዋል። ልጄ ይህን ነግራኝ ስታበቃ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ሥራውን ልመልስ ነው» አለች በመጨረሻ።

«በእኔ ምክንያት እንዳይሆን።»

«በአንተ ምክንያት ተቀበልኩት። የምመልሰው በራሴ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ወደ ወረዳው በመሄድ ፈንታ ቢሮ ገብታ መለሰችው። አንጋፋው ጠበቃ ቆላ የሚወርድለት ሰው ስላጣ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ሌላ ቢሮ ወሰደው። ይህን የምጽፈው ልጄ አንድ ነገር አስቆመች ብሎ የሚያስብ እንዳይኖር ነው። ምንም አላስቆመችም። አዲሱ ጠበቃ ወደዚያ ወርዶ ቃል ሲቀበል ሰንብቷል። አዛውንቱ በራቸው ላይ ቆመው፣ የመረቅሁት እንግዳን ነው ብለው እንደመለሱት ሴትየዋ በስልክ ነግራናለች። የሌሎቹን ቃል አታውቅም። ብዙ ሰው ደግሞ የሚናገረው ነገር የት እንደሚደርስ አያውቅም።

ልጄ ለውሃ ኮሚቴው ሴቶች ለዳኞቹ የሚገባውን ጽሑፍ ልታዘጋጅላቸው አልቻለችም። ትናንት ለኩባንያው ልትሠራ የተቀበለች ጠበቃ ዛሬ ተገልብጣ በእሱ ላይ መሥራት አትችልም፤ የሙያው ሕግ ይከለክላል። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ግን ትክክል መሆኗን አየሁ፤ በሽምግልናም ከአንዱ ወገን የተቀመጠ ሰው ወደ ሌላው አይዞርም። አብራት የተማረች፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ጓደኛዋን አገናኘቻቸው። ጓደኛዋ ያለ ክፍያ ጽፋላቸዋለች። ጽሑፉ ሄዷል። የሚለው አጭር ነው፦ እኛም አለን፤ ስሙን።

አንጋፋው ጠበቃ ልጄን አላባረራትም፤ ግን የሚሰጣት ሥራ እያነሰ መጣ። አሁን ከሳምንቱ ግማሹን እኔ ሱቅ ትቀመጣለች። ደንበኞች «ጠበቃዋ፣ ይህን ቁልፍ ብንሰብረው ስንት ዓመት ያስፈርድብናል?» እያሉ ይቀልዱባታል። ትስቃለች። አንዳንዴ ደንበኛ ሲጠፋ በካርቶን ክዳን ላይ የተሸካሚዎቹን መልክ በእስክሪፕቶ ትሥላለች። አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ያጠፋሁት ምን ያህል እንደሆነ በእርግጥ አላውቅም፤ ገና አላለቀም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የአውቶቡስ ረዳት መጥቶ፣ የታንከሩ ቁልፍ ጠፍቷልና እርስዎ ዘንድ ያለውን አምጣ ተብያለሁ አለኝ። ከምስማሩ ላይ አወረድኩት። ከመስጠቴ በፊት ግን ማዶ ካለው ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ልጄን ልኬ አስቀረጽኩት፤ ዋናውን ለረዳቱ ሰጥቼ ቅጂውን መልሼ ሰቀልኩት።

ትናንት ሴትየዋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ቁልፉ ደርሶልናል። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ይከፍታል?»

«ይከፍታል። ውሃ ግን ዛሬ አልመጣም።» ልትጠይቀኝ የፈለገችውን አውቄዋለሁ። «ጠሩን እንዴ ጋሼ?»

ቀና ብዬ ልጄን አየኋት። ለአንድ ሰው ማጠፊያ እያሳየች ነበር። ስልኩ የማን እንደሆነ ከፊቴ አነበበች፤ አልጠሩም በሚል ራሷን ነቀነቀችልኝ።

«ገና ነው እህቴ» አልኳት።

መቼ ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝም የምነግራት አልነበረኝም፤ የማላውቀውን ቃል ዳግመኛ አልሰጣትም።